ሁሩታ የሄደው ማሽን

መሰለች አዳማ ውስጥ የአንድ ትንሽ የሴቶች የሕግ ድጋፍ ቢሮ ጸሐፊ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ማስረሻ ያረፈ ጊዜ እንኳ ሳምንት ሳይሞላት ተመልሳ ገባች፤ “ቤት ምን እሠራለሁ?” ብላ።

ሥራዋ የሰው ወረቀት መቀበል ነው። ከቤቷ የሸሸች ሴት የጋብቻ ወረቀቷን፣ የሐኪም ማስረጃዋንና የተጠለለችበትን አድራሻ ይዛ ትመጣለች፤ መሰለች በትልቁ ማሽን ኮፒ ታደርግላታለች። መብራት ደግሞ ሥራው መሀል እልም ይላል። ስለዚህ ዘዴ አበጀች፤ ከማተሟ በፊት የሁሉንም ምስል ማሽኑ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። መብራት ሲመለስ ያችን ስታለቅስ የቆየች ሴት “እስቲ ወረቀትሽን እንደገና አውጪ” ማለት አይኖርባትም። የይለፍ ቁጥሩንም በፕላስተር ጽፋ ክዳኑ ላይ ለጠፈችው፤ እሷ በሌለች ቀን ባለጉዳይ እንዳይጉላላ። ባልደረቦቿ “መሰለች ባለችበት ወረቀት አይጠፋም” ይሏት ነበር። እውነትም አልጠፋም።

ዘንድሮ ቢሮው አዲስ ማሽን አገኘና አሮጌው በጨረታ ተሸጠ። መሰለች አቧራውን ጠርጋ ከነፕላስተሩ አስረከበች። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ቶሌራ የሚባል ባለሙያ አዲሱን ሊተክል መጣ።

“እትዬ መሰለች፣ የአሮጌውን ሃርድ ዲስክ የት አስቀመጡት?”

“የምን ዲስክ?”

“የማሽኑን ነዋ። እሱ ላይ ያስቀመጡት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።”

“ከግድግዳው ነቅለን እኮ ነው የሰጠነው።”

“ቢነቅሉትም አይረሳም፣ እትዬ። የምንረሳው እኛ ነን።”

መሰለች ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ከሁሉም በፊት በሐሳቧ የመጣችባት ኤቢሴ ናት። ኤቢሴ ባሏ ባጫ እጇን ሰብሮባት ከሁሩታ የወጣች ሴት ናት። አሁን መቂ ሽንኩርት እየለቀመች ትኖራለች፤ በማን ግቢ እንደተጠለለች ከቢሮው በቀር የሚያውቅ የለም። ባጫ ሁለት ጊዜ አዳማ ድረስ መጥቶ “ሚስቴን አምጡ” ብሎ በር ላይ ቆሟል። ያንን አድራሻ ማሽኑ ውስጥ ያስቀመጠችው መሰለች ራሷ ናት።

የርክክብ ወረቀቱን ከፋይሉ አወጣች። የገዢ ስም ሱሃይላ፤ ሥራ ፎቶ ኮፒ ቤት፤ ከተማ ሁሩታ።

“ሁሩታ” አለች ቀስ ብላ።

የሱሃይላን ስልክ ደጋግማ ሞከረች፤ ዝግ ነው። ቶሌራ ካቻቢቴውን ቦርሳው ውስጥ ከተተና “በሉ ተነሱ፣ አብረን እንሂድ” አላት።

ሚኒባሱ መልካሳን አለፈ።

“ምነው ዝም አልክ?” አለችው።

“እርስዎ ዝም ስላሉ ነዋ።”

“ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።”

“ሁሉም ሰው እንዲሁ ነው። ኮምፒውተሩን ይቆልፍና ፕሪንተሩን እንደ ወንበር ይቆጥረዋል። በር ዘግቶ መስኮት ከፍቶ ማደር ማለት ነው።”

“አንተ ማጽናናት አትችልበትም።”

የሱሃይላ ሱቅ ከሁሩታ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ነው። ሱሃይላ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ፈርጠም ያለች ሴት ናት። “አካም ጅርቱ” ብላ ተቀበለቻቸው። ማሽኑ ጥግ ላይ አንሶላ ለብሶ ቆሟል። መሰለች ከአዳማ ስለ ማሽኑ እንደመጡ ስትነግራት ሱሃይላ የሱቁን በር ገርበብ አደረገችው።

“እኔ እኮ እናንተን ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት” አለች።

“ታዲያ ለምን አልደወልሽም?”

“ማን እንደሚያነሳው በምን አውቄ? ስልኬንም የዘጋሁት ደንበኛ ሁሉ ማሽኑ የት ደረሰ እያለ ሲያስቸግረኝ ነው።” አንሶላውን በዓይኗ አሳየቻቸው። “የገዛሁት ቀን ሳበራው የስም ዝርዝር መጣ። ሦስተኛው ኤቢሴ ይላል፤ ከነአባቷ። ጎረቤቴ ነበረች። እጇ የተሰበረ ቀን ጩኸቷን ሰምቼ በሬን አልከፈትኩም።” አንሶላውን ሳብ አድርጋ አስተካከለች። “ሌላ ምንም ሳልነካ ገመዱን ነቅዬ ሸፈንኩት።”

“ባጫስ?” አለች መሰለች።

“ትናንት መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ መጥቶ ነበር። ‘ማሽን ገዛሽ አሉ፣ ምነው ተሸፈነ?’ አለኝ። የተቃጠለ ሸጡልኝ አልኩት። ‘የአዳማ ሰው ሞኝ ሲያገኝ አይምርም’ ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።”

ቶሌራ ማሽኑን አብርቶ መዝገቡን አየ። ከሽያጩ ወዲህ የተከፈተ ወረቀት አልነበረም። ዝርዝሩን ብቻ መሰረዝ እንደማይበቃ፣ ከሥሩ እንዳለ ለማጥፋት ዲስኩ ላይ ዳር እስከ ዳር ሌላ ነገር ደጋግሞ መጻፍ እንደሚያስፈልግ ነገራቸውና ሥራውን ጀመረ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሦስቱም መብራት እንዳይሄድ ፈርተው አምፖሉን ሰረቅ እያደረጉ ያዩ ነበር።

“አዲሱን ማሽንስ ምን ላድርገው?” አለች መሰለች።

“ከፋብሪካ የመጣበትን የይለፍ ቁጥር እንቀይራለን፤ አዲሱን ቁጥር ደግሞ የትም አይለጥፉትም። አትሞ ሲጨርስ ራሱ እንዲያጠፋ አደርገዋለሁ። የእንግዳ ዋይፋይ ላይም አይገናኝም።”

“መብራት ሲሄድስ?”

“መብራት ሲሄድ ወረቀቱን እንደገና ይጠይቋታል፣ እትዬ። ብታለቅስም።”

ማሽኑ ሲጨርስ ዝርዝሩ ባዶ ሆነ። ቶሌራ ማረጋገጫውን አትሞ ሰጣት፤ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ለኤቢሴ አለመናገርም ይቻል ነበር። መሰለች ስልኩን ይዛ ቆመች፤ አድራሻው ግን የኤቢሴ ነው፣ ጥፋቱ የእሷ። ደወለች። ሳትቀንስ ነገረቻት። ወዲያ ማዶ መኪና ላይ የሚጭኑ ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

“ሰው አየው?” አለች ኤቢሴ።

“ስምሽን አንድ ሰው አይታለች፣ ሱሃይላ። አድራሻሽን ማንም አላየም። አሁን ጠፍቷል።”

“እንግዲያ ቤት መቀየር አይኖርብኝማ?”

“አይኖርብሽም፣ ልጄ።”

ኤቢሴ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች። “ልጄን ትምህርት ቤት ያስገባኋት ገና ባለፈው ሳምንት ነው። ደግሞ ላስወጣት ነው ብዬ ደርቄ ቀረሁ እኮ።” ቀጥላ፣ “ሱሃይላ አጠገብዎ ካለች ይስጡኝ” አለች።

መሰለች ስልኩን አቀበለቻት። ሱሃይላ ጀርባዋን ሰጥታ በኦሮምኛ ማውራት ጀመረች፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ኋላ እየሳቀች። መሰለች ወደ ውጭ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ያስታወሰችው ያኔ ነው።

“ቶሌ” አለች ወደ ሱቁ ዞራ፣ “እዚህ አገር ምሳ የት ይበላል?”