የድምፅ መምህርቷና አጃቢዋ

አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ከመንገድ ዳር ያለች፣ ከበሯ ሌላ ብርሃን የማይገባባት ጠባብ ክፍል ናት። ልጅቱ እዚያ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ስታንጎራጉር፣ ያልተቀደደ ሱሪ ይዘው «እስቲ ይቺን እያት» የሚሉ ደንበኞች እየበዙ መጡ። አባትየው ነገሩ ገብቶታል። «ሱሪህ ደህና ነው፤ ልጅቱን ልትሰማ ከሆነ ዝም ብለህ ቁጭ በል» ይላቸው ነበር። «ደወል» ብሎ ያወጣላት ስምም ከሱቁ ተነሥቶ ትምህርት ቤት ገባ፣ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ። በመጨረሻ በሙዚቃ ትምህርት ክፍል የድምፅ መምህርት ሆና ስትቀጠር እንኳ፣ ከደመወዝ መዝገብ በቀር በሌላ ስም የጠራት አልነበረም።

በዚያ ክፍል ማስተማር ብቻውን አይበቃም። መምህር የሆነ ሁሉ በየዓመቱ መድረክ ላይ ወጥቶ ራሱ መታየት አለበት፤ ዋና የማይችል ሰው እንዴት ዋና ያስተምራል ባይ ናቸው። በዚህ በኩል ደወልን የሚስተካከላት አልነበረም። እሷ አፏን ስትከፍት ያ ሲንቋቋ የሚያመሽ የአዳራሹ የእንጨት ወንበር ሁሉ ጸጥ ይላል።

ፒያኖ የሚያጅባት ሰው ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ መምህር ነው። ሲያጅባት ጣቶቹን አያይም፤ የሚያየው ትከሻዋን ነው። ትከሻዋ ከፍ ሲል እጁ ይቆያል፤ ዝቅ ሲል አብሯት ይገባል። እሷ ስትተነፍስ እሱም ይተነፍሳል። ሰው ማማቱ መቼ ይቀራል! ሐሜቱ ሚስቱ ጆሮ ደረሰ። ሚስትየው ግን ደወልን ምሳ ጠርታ፣ ባሏ ፊት፣ «እህቴ፣ ቀን ቀን አንቺ ዘንድ ሆኖ ሙዚቃውን ትሰሚያለሽ፤ ሌሊት እኔ ዘንድ ሆኖ ማንኮራፋቱን እሰማለሁ። እስቲ ማን ተበደለ?» አለቻት። እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ወዳጆች ሆኑ።

ደወል አንገት ላይ እብጠት የወጣው በዚያ ዘመን ነው። መጀመሪያ በሻርፕ ሸፈነችው። እያደር ትንፋሿን ሲያሳጥርባት ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ እንቅርት ነው ተባለች። ቀዶ ሐኪሙ አልደበቃትም።

«የድምፅሽ ነርቭ እዚያው ጥግ ነው የሚያልፈው። እጠነቀቃለሁ፤ ግን ቃል አልገባልሽም» አላት።

ካልወጣ ደግሞ መተንፈሻዋን ይዘጋዋል። ወዲህ ብትል ገደል፣ ወዲያ ብትል ገደል ሆነባትና ፈረመች።

ስትነቃ ውሃ ለመጠየቅ አፏን ከፈተች። የወጣው አየር ብቻ ነበር። «ይመለሳል፣ ታገሺ» አሏት፤ ታገሠች። መናገሩ ውሎ አድሮ ሻካራና ቀጭን ሆኖ ተመለሰላት። መዝፈኑ ግን በዚያው ሄደ። አባቷ፣ ያኔ አርጅቶ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቃተው ሰው፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጇን ያሻል። አጽናኚዋ እሷው ሆነች።

«አባባ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባል የለ? የእኔ ይሻላል፤ እንቅርቱ ወጥቶ ጆሮ ደግፉ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ዓመቱ ሳይዞር ሞተ። በቀብሩ ላይ የሚወደውን ዜማ የሚልለት ጠፋ፤ ልጁ እዚያው ቆማ እያለች።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ደንብ ደንብ ነው። በመምህራን ስብሰባ ላይ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ «እንግዲህ መድረክ ላይ መውጣት ካልቻሉ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ቢዛወሩ ለእርስዎም እረፍት ነው» አላት። ደወልም ሻርፗን ታጥፍ ትዘረጋ ጀመር። የተናገረው አጃቢው ነው። በስብሰባ ላይ ድምፁን ሰምቶ የሚያውቅ ስላልነበረ ሁሉም ዞሮ አየው።

«ድምፅ የምታስተምረው በጉሮሮዋ መስሏችሁ ነው? በጆሮዋ ነው። ጆሮዋን ደግሞ የነካው የለም።» «እሷ ከሄደች እኔም መጽሐፍ መደርደር አያቅተኝም» ብሎ ጨመረ።

ኃላፊው «ለጊዜው ይቆይ» አለ። ለጊዜው የተባለው ዓመታት ቆየ።

ዘፍና ማሳየት ሲያቅታት ደወል የአባቷን ቋንቋ ወደ ክፍሏ አስገባች። ተማሪ ከወፍራሙ ድምፅ ወደ ቀጭኑ ሲሻገር ከተንገጫገጨ፣ «ስፌቱ ታየ! ከውስጥ በኩል ስፊው እንጂ» ትላለች። ያለቦታው የጮኸውን፣ «ይሄ ልብስ በልክህ አልተቆረጠም፤ ካባ ለብሰህ ኳስ ልትጫወት ነው?» ትለዋለች። ተማሪዎቿ ይስቃሉ፤ ይማራሉም። ዜማው መሰማት ሲኖርበት አጃቢው በአንድ ጣቱ ይመታላታል። ኮንሰርት ሲኖር ግን ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ጭብጨባው ሳያልቅ ትወጣለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪ በሌለበት፣ አጃቢው ድሮ አብረው ያቀርቡት የነበረውን ዜማ ጀመረ። እጅግ ዝቅ አድርጎ፣ ለተረፈቻት ሻካራ ድምፅ በሚመች ቦታ ላይ አውርዶት ነበር። ወዲያው ገባት።

«ተው» አለችው። እሱ ቀጠለ። ተነሥታ የፒያኖውን ክዳን ስትደፋው እጁን ለጥቂት ሳተችው።

«ሬሳ ምን ቢያስጌጡት ሬሳ ነው! ተወኝ አልኩህ!»

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ከሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጡም። ሲታረቁም ይቅርታ የጠየቀ የለም፤ አንድ ጠዋት ሻይ ሲገዛ ለእሷም ይዞ መጣ፣ ተቀብላው ጠጣች፤ በቃ። ያንን ዜማ ግን ዳግመኛ አላነሡትም።

ከዓመታት በኋላ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ አንገቷን የምትደፋ ልጅ የመግቢያ ፈተና ልትፈተን መጣች። ስትዘፍን ደወል የጠፋባትን ንብረት በሌላ ሰው እጅ ያየች ያህል ሆነባት። ልጅቱ ምን በደለች፤ ግን ከሌሎቹ ይልቅ እሷ ላይ ጨከነች። አንዲት ሐረግ እስክትሰለቻት ታስብላታለች።

«መምህር፣» አለች ልጅቱ አንድ ቀን፤ «የሚሉኝ አልገባኝም። አንዴ ብቻ እርስዎ ብለው ቢያሳዩኝ…»

ደወል ላይ የደረሰውን ለልጅቱ የነገራት አልነበረም። አጃቢው እጁን ከፒያኖው ላይ አነሣ። ደወል ግን ፈገግ ብላ፣ «እኔ የማሳይሽ እንዴት እንደማይባል ነው» አለቻት። ልጅቱም ቀልድ መስሏት ሳቀች። ደወል ውሃ እንደጠማው ሰው ቶሎ ብላ ወጣች። መተላለፊያው ላይ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ሳለ አጃቢው መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«ትማራለች» አላት።

«መማሩንማ ትማራለች። ትበልጠኛለች እኮ! የሚያቃጥለኝ እሱ ነው፤ ደግሞም ደስ ይለኛል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

«ሰው ነሽ» አለ፤ ተመልሰው ገቡ።

ልጅቱ ልትመረቅ በተቃረበችበት ዓመት አጃቢው ከሳ። «የሆድ ነገር ነው፣ ያልፋል» ይላል፤ በልምምድ መሀል ላብ ያጠምቀዋል። ሚስቱ እየጎተተች ሐኪም ቤት ስታደርሰው ጉበቱ ከተጎዳ ቆይቷል ተባለ። አልጋ ያዘ፤ ቤቱም አልተመለሰም። የምረቃ ኮንሰርቱ ሲቃረብ ሚስትየው ለደወል ደወለች።

«ነይ» አለቻት፤ «ልጆቹን ተሰናብቷል። አሁን የሚጠይቀው አንቺን ነው።»

ደወል ስትደርስ አጃቢውን ትራስ ተደግፎ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ዓይኑ ብቻ የድሮው ሆኖ አገኘችው። ሚስቱ እግሩ ዘንድ ተቀምጣለች።

«ልጅቱስ?» አላት።

«ደህና ናት። አዲስ አጃቢ ተሰጥቷታል፤ ጎበዝ ወጣት ነው፣ ግን ይቸኩላል።»

«ሁለተኛው ዜማ ላይ አይቸኩልባት። እዚያ ጋ ረጅም ትንፋሽ አላት።»

«ነግሬዋለሁ።»

ከዚያ ሁለቱ እጆቹ ብርድ ልብሱ ላይ ተንቀሳቀሱ። ደወል መጀመሪያ የሕመም ጭንቀት መሰላት፤ ልብ ብላ ስታይ ግን መግቢያውን እየመታ ነው፤ የልጅቱን ሁለተኛ ዜማ። መግቢያው አልቆ ጣቶቹ ቆሙ፤ ዓይኑን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ጠበቃት። ደወል አየር ሳበች። ትከሻዋ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፤ እጆቹ ገቡ። ድምፅ የሚባል አልወጣትም፤ ልታወጣም አልሞከረች። በየሐረጉ መጨረሻ መተንፈስ በሚገባት ቦታ ብቻ ተነፈሰች፤ እሱም አብሯት። ያ ረጅም ትንፋሽ ያለበት ቦታ ሲደርስ ደረቱ አልበቃ ብሎት ሳል ያዘው። እሷም ትንፋሿን እንደያዘች ጠበቀችው። ሳሉ ሲያርፍለት ካቆሙበት ቀጥለው ጨረሱ። መድኃኒት ይዛ የገባች ነርስ ምን እንደሆነ ሳይገባት በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሚስትየው ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ነበር።

«ጥሩ ነበርሽ» አላት አጃቢው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደው።

ኮንሰርቱ ሳይደርስ ሞተ። ልጅቱ ጥቁር ለብሳ ዘፈነች፤ አዳራሹም እንደ ድሮው ጸጥ አለላት። ሁለተኛው ዜማ ላይ ግን ወጣቱ አጃቢ አልጠበቃትም፤ ቀድሟት ገባ፤ ልጅቱ ትንፋሿ ተቆርጦ አንድ ሐረግ ጠፋት። ወዲያው ያዘችው፤ ሰው ብዙም አላወቀም። ከመድረኩ ጀርባ ግን ደወል ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

«አበላሸሁባቸው። እሳቸው ቢኖሩ…»

«አላበላሸሽም» አለቻት። ግን እውነት ነው፣ እሱ ቢኖር አይሆንም ነበር።

ልጅቱ ጥሩ ውጤት አምጥታ ሌላ ከተማ ተቀጠረች፤ አሁን እሷም ታስተምራለች፣ ትዘፍናለችም። ደወል ከወጣቱ አጃቢ ጋር ማስተማሯን ቀጠለች። ልጁ ታዛዥ ነው፤ ቆይ ስትለው ይቆያል። ግን ቆይ መባል አለበት። አንድ ቀን፣ «መምህር፣ ምኑ ጋ ነው የምሳሳተው?» ብሎ ሲጠይቃት አሳዘናት። «አንተ ምንም አላጠፋህም፣ ልጄ» አለችው።

በየሳምንቱ እሑድ የአጃቢው ሚስት ዘንድ ትሄዳለች። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ፒያኖ ተዘግቷል፤ ላዩ ላይ የልጆቹ ፎቶግራፎች ተደርድረዋል። አንድ እሑድ ሚስትየው ብርጭቆ እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ሥራ ቦታ ምን ዓይነት ሰው ነበር? እኔ ዘንድ መጥቶ አይተነፍስም እኮ» አለቻት።

ደወል ከስብሰባው ጀመረች፤ ስለ ሻዩ ነገረቻት፣ ስለ ፒያኖው ክዳንም ሳትደብቅ አወራቻት። ሚስትየው አንዳንዱ ላይ ትስቃለች፣ አንዳንዱ ላይ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች። የደወል ሻካራ ድምፅ እየከሳች፣ እየከሳች ሄዳ ጭራሽ ተዘጋች። ሚስትየው ውሃ ቀዳችላትና አጠገቧ ተቀመጠች፤ እስኪመሽ ድረስም ሁለቱም አልተነሡም።