የሞተሩ እሳት ሲቀድም

ባለቤቴ መሪ ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ አውሮፕላን ሠራ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ዶሮ ያረባል፤ የእኔው ግን የአሮጌ ቮልስ ሞተር አምጥቶ ክንፍ ቀጠለበት። ጅራቱ ልብስ የማሰጣበትን ቦታ ወሰደብኝ።

በብስጭቴ ቃል አስገባሁት። ሞተሩ መሬት ላይ ታስሮ፣ በሙሉ ጉልበቱ ሠርቶ፣ ሳይግል ካልቆየ አይሳፈርበትም። እሱ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም። ሞተሩም ይግላል። በሞከረው ቁጥር የሙቀት መለኪያው ቀዩን ይነካል፤ አጥፍቶት ሥሩ ይቀመጣል። ያን ሳይ ያሳዝነኝ ነበር።

ካንዴላው ላይ እሳት የሚያስነሳውን ኤሌክትሮኒክ ሳጥን የገጠመችለት ልጃችን ናት። እሳቱ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ መነሳት አለበት፤ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ነዳጁ ቀስ ብሎ ስለሚነድ፣ ይበልጥ መቅደም አለበት። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ቮልስ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የምትወጣ መኪና ከመጣችለት፣ ባለቤቱ ሳይጠይቀው እሳቷን በእጁ ያስቀድመዋል።

አንድ ቀን ምሳ አቀረብኩ። እንደ ልማዱ ጨዉን አንስቶ ሽሮው ላይ ነሰነሰ።

«ጨው አድርጌበታለሁ እኮ! ሳትቀምስ መጨመር የምትተወው መቼ ነው?» ብዬ ጮህኩበት።

እጁ እንደተንጠለጠለ ቀረ። «እሷም አድርጋበታለች» አለ።

«ማን?»

«ልጅሽ። ሳጥኑ አየሩን ራሱ ለክቶ እሳቱን ያስቀድማል ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ በላዩ ላይ አስቀደምኩበት፤ እሳቱ ከልክ በላይ ሲቀድም ነው ሞተሩ የሚግለው። እጄ አልሰማ አለኝ።»

ምሳውን ትቶ ወጣ። ያስቀደመውን ወደነበረበት መልሶ ሞተሩን አስነሳው። መለኪያው መሃል ላይ ደርሶ ቆመ፤ ከዚያ አላለፈም። ጎረቤቱ ሁሉ ጆሮውን ይዞ ሲያማርር፣ እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

እሱ ግን አልሳቀም። ሞተሩን አጥፍቶ እጁን እያገላበጠ አየ። «እንግዲህ ሞተሩ እኔን አይፈልገኝም ማለት ነው» አለ።

በጣም አዘንኩለት። «መብረርስ ሳጥኑ ያውቅበታል?» አልኩት።

«እሱንማ አያውቅም» ብሎ ፈገግ አለ፤ ዓይኑም ወደ መቀመጫው ሄደ።

ያን ጊዜ ነው ያስገባሁት ቃል ትዝ ያለኝ። ሞተሩ አልጋለም። የምከለክልበት ነገር አልቆብኝ፣ በዘይት የጨቀየ እጁን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት።