ኤርፖርት የቀረው ወይባ

ከቤት በወጣሁበት ምሽት እናቴ ሻንጣዬን እንደገና ከፈተችና ከልብሶቼ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ወይባ አስገባች። ለማታውቁት፣ ወይባ ከወሎ ወደ አሶሳ የመጡ ሰፋሪ ሴቶች ብርድ ልብስ ተከናንበው ጭሱን የሚሞቁት እንጨት ነው። «እኔን እስካሁን ያቆመኝ እሱ ነው» አለችኝ።

የወር አበባዋ ከቆመ ወዲህ ብልቷን ያሳክካታል፣ ስትሸና ያቃጥላታል። ቆዳው ነጭ እንደሆነ የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ ሄዳ አልታይም ስላለች የፈንገስ ክኒን ሰጥተው መለሷት። ከዚያ በኋላ ባሳከካት ቁጥር ጭሱ ላይ ትቀመጣለች።

ቱርክ ስደርስ የኤርፖርቱ ፈታሽ ጨርቁን ፈታ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እንጨት።»

«ቱርክ ዛፍ የለም ብለውሽ ነው?»

«ለጭስ ነው።»

«ልታጨሺው?»

«አይ፣ ልቀመጥበት።»

ጓደኛውን ጠራው፣ ሁለቱም ሳቁ። እንዳይመልሱኝ ፈርቼ አብሬያቸው ሳቅኩ፤ ወይባዬ ግን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገባ።

እዚህ ብርዱ ደረቅ ነው። የአሶሳ ዝናብ እንኳ ይናፍቀኛል። ማንጎ እኛ ሰፈር መሬት ላይ ይበሰብሳል፤ እዚህ አንዱን ፍሬ በወረቀት ጠቅልለው በውድ ይሸጡታል። ማሞቂያውን ስከፍት አከራዬ ትቆጣለች።

«ከአፍሪካ መጥተሽ ይበርድሻል? ሙቀት ይዘሽ አልመጣሽም?»

«ኤርፖርት ወሰዱብኝ» አልኳት።

የመጀመሪያ ዓመት የነርስነት ተማሪ ነኝ። አንድ ቀን መምህራችን የሴቶችን የቆዳ በሽታ ስታስተምር የእናቴን ሕመም እየተረከች መሰለኝ። ከክፍል ስንወጣ ተከትያት ጠየቅኳት።

«ዕድሜ ሲገፋ የሴት ሆርሞን ይቀንሳል፤ ቆዳው ይሳሳል፣ ይደርቃል» አለችኝ። «እየነጣ የሚኮማተረው ግን ራሱን የቻለ በሽታ ነው፤ ሆርሞን ብቻውን አያድነውም። ጠንካራ የሚቀባ መድኃኒት አለው። ቸል ከተባለ ጠባሳ ይሆናል፤ አልፎ አልፎ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ሐኪም በዓይኑ ማየት አለበት።»

ስለ ጭሱ ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። «የቆሰለ ቆዳ ላይ? ዛሬውኑ ታቁም።» ከዚያ ትከሻዬን ይዛ «ጌችሚሽ ኦልሱን» አለችኝ፤ እግዜር ይማርልሽ እንደ ማለት ነው።

እናቴ ስልክ ስለሌላት የምደውለው በወንድሜ በሰይድ ስልክ ነው፤ ቤቱ በሙሉ እንዲሰማ ሁልጊዜ ላውድ ያደርገዋል።

«ሰይዶ፣ እማን ብቻዋን አገናኘኝ።»

«ምን ምስጢር ነው? ልታገቢ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀና ስልኩን ሰጥቷት ወጣ።

እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኳት።

«የሚያየኝ ወንድ ነው?»

«አሶሳ ከተማ፣ ሆስፒታሉ ሂጂና ሴት ሐኪም ጠይቂ። ጭሱን ግን ተይው እማ፤ እያባባሰብሽ ነው።»

«እሱን ከተውኩ በምን እተኛለሁ?»

ከዚያ በጣም ቀስ ብላ «ሰሞኑን ደግሞ ይደማል» አለችኝ።

«እማ፣ ነገውኑ ሂጂ። ለሰይድ ንገሪውና ይውሰድሽ፤ ካልሆነ እኔ ልንገረው—»

በሩ ሲንኳኳ ሰማሁ። «ጨረሳችሁ?» አለ ሰይድ።

«ጨርሰናል» አለች እናቴ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ምንም አልሆነችም፤ ወይባ አልቆባት ነው። አይዞሽ ልጄ፣ ወደዚያ የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ።»