ፈሪ ያልተገኘበት ትምህርት ቤት

ናዝሬት ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ሳስተምር፣ ግቢው ውስጥ ቃል የማይወጣት አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ዲዳ አልነበረችም። ቤቷ ከእናቷ ጋር በኦሮምኛ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በአማርኛ ስትጨቃጨቅ ትውላለች አሉ። እኔ ክፍል ስትገባ ግን አፏ ይዘጋል። የክፍሉ በር ከተንኳኳ ደግሞ፣ ያንኳኳው ጠመኔ ሊለምነኝ የመጣ አስተማሪ እንኳ ቢሆን፣ ቀሚሷ ላይ ትሸናለች። ልጆቹ መሳቅ ትተው ነበር። ዝም ብለው መስኮት ይከፍታሉ። ከሳቃቸው ይልቅ ያ ዝምታቸው ያንገበግበኝ ነበር።

ምክንያቱን እናቷ ነግራኛለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ምሽት በራቸው ተንኳኳ፤ ልጅቷ ሮጣ ከፈተች። ሁለት ሰዎች ገብተው የባቡር ሠራተኛ የነበረውን አባቷን «ለአንድ ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» ብለው ወሰዱት። የት እንደደረሰ የሚጠይቅ ሰው ራሱ የት እንደሚደርስ ስለማያውቅ፣ ማንም አልጠየቀም። ሆድ ይፍጀው ተባለና ተተወ።

ስለዚህ ከጤና ጣቢያ አንድ ወጣት ዶክተር መጥቶ «የልጆች ጭንቀት እዚሁ ትምህርት ቤት ውስጥ ሊቃለል ይችል እንደሆነ ልንሞክር ነው፤ ከመምህራን ማን ያግዘኛል?» ሲል ቀድሜ እጄን ያወጣሁት ለሳይንስ ፍቅር አልነበረም። ለእሷ ነው።

ዕቅዱን ከትምህርት ሰዓት በኋላ እኔና እሱ ሠራነው። ሁለት ትምህርት ቤቶች ይመረጣሉ፤ አንዱ የእኛ፣ ሌላው ሞጆ ያለ። በሁለቱም ልጆቹን አንድ በአንድ ለብቻ አስቀምጠን ስለሚያስፈራቸው ነገር እንጠይቃለን፤ ጭንቀት የጸናባቸውን እንለያለን። በአንደኛው ትምህርት ቤት የተለዩት በየሳምንቱ በትንንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ ይስላሉ፣ ይጫወታሉ፣ የሚፈሩትን ነገር በጥቂት በጥቂቱ ይለማመዱታል። የሌላው ልጆች አንድ ዓመት ይጠብቃሉ። ከዚያ ሁለቱን እናስተያያለን። ማን ይቅደም የሚለውን ዕጣ ጣልንበት፤ ለእኛ ወጣ። ለሞጆ ልጆች ማዘን ነበረብኝ፤ አላዘንኩም።

ለእሷ የማደርገውን ሁሉ በልቤ ጨርሼው ነበር። መጀመሪያ ራሷ በሩን ታንኳኳለች። ቀጥሎ እኔ ስሟን እየጠራሁ ከውጭ አንኳኳለሁ። ሲሻላት ከሌሎቹ ጋር ሶደሬ ወስደን ውሃው ውስጥ እንለቃቸዋለን። እናቷ ጠዋት ጠዋት እስከ ግቢው በር ታደርሳት ስለነበር ይህንኑ ነገርኳት።

«መቼ ነው የሚጀመረው እትዬ?» አለችኝ።

«ከፋሲካ በኋላ።»

«ገለቶማ። ዕድሜ ይስጥዎ» አለች። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ያንኑ ትጠይቀኝ ነበር።

ጥያቄዎቹ ግን በአውራጃው መጽደቅ ነበረባቸው። ስብሰባው ላይ የአውራጃው ካድሬ «በር ሲንኳኳ ትደነግጣለህ?» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«በሩን የሚያንኳኳው ማን ነው?» አለ።

ሁላችንም ጠረጴዛውን አየን። ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ «ነፋስ ሊሆን ይችላል፣ ጓድ» አለ።

«እንግዲያው ነፋስ በሉት።»

ነፋስ አልነው። ስንመለስ መንገድ ላይ እስኪያመን ሳቅን፤ ጥያቄዋ በሕይወት ተርፋልናለችና።

የገደለን ካድሬው አይደለም፤ የራሳችን ዲሬክተር ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ያን ጊዜ ግን ሁሉ ነገር እሽቅድምድም ነበር፤ ችግኝ ተከላው፣ የግቢ ጽዳቱ፣ መሠረተ ትምህርቱ። ሁለት ትምህርት ቤቶች ይለካሉ ሲባሉ ሌላ ነገር አልታያቸውም። ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ደረጃው ላይ ወጡና የጸደቁትን ጥያቄዎች ያነቡ ጀመር።

«የአብዮት ልጅ ጨለማ ይፈራል?»

«አይፈራም!» አለ ግቢው።

«ነፋስ በር ሲያንኳኳ ይደነግጣል?»

«አይደነግጥም!»

ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ አስጠኗቸው። ደሜ ፈልቶ ቢሯቸው ገባሁ። «ጓድ ዲሬክተር፣ እኛ የምንፈልገው እኮ የሚፈሩትን ነው፤ ልንረዳቸው!»

«ሞጆዎች ፈሪ የለንም ብለው እኛ አለን እንበል?» አሉ። ከዚያ ተነሥተው በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞስ ተለይቶ ስሙ የተጻፈ ልጅ ነገ ወዴት እንደሚወሰድ ታውቂያለሽ? ተይ ልጄ። ዝም አይነቅዝም።» ይህን ስሰማ ቁጣዬ በረደ፤ ተስፋዬም አብሮ። እሳቸውም በር ሲንኳኳ የሚደነግጡ ሰው ነበሩ።

ዶክተሩ ልጆቹን የስፖርት ዕቃ ክፍል ውስጥ ጠየቃቸው። የእሷ ተራ ሲደርስ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። እንደማትናገር ስለማውቅ፣ ዝምታዋ ራሱ ይናገርላታል ብዬ ነበር።

«ነፋስ በር ሲያንኳኳ ትደነግጫለሽ?»

«አልደነግጥም» አለች።

ድምፅዋን ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጎርነን ያለ፣ የእናቷን የሚመስል ድምፅ። የተቀረውንም አንድ በአንድ መለሰች፤ አልፈራም፣ አልፈራም። የአግዳሚውን ጠርዝ ከመጨበጧ የተነሣ ጣቶቿ ነጥተው ነበር። ወጥቼ አለቀስኩ።

ከትምህርት ቤታችን አንድም ፈሪ አልተገኘም። «ይቺን ግን ያስገቧት፤ እኔ አውቃታለሁ» ብዬ ዶክተሩን ለመንኩት።

«እህቴ፣ መለኪያው ያላገኛትን እኔ በእጄ ካስገባሁ ሙከራው ምኑን ሙከራ ሆነ? ደግሞስ በአንድ ልጅ ምን ይሞከራል?» አለ። እውነቱን ነበር። ፊቱም እንደ እኔው ከስሎ ነበር። ዕቅዱ በዚያው ቀረ፤ አውራጃው ላይ ውጤታችን ሲነበብ ተጨበጨበ፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ወደ ዝዋይ ተዛወረ። እኔ ብቻዬን ልረዳት ከክፍል በኋላ ባስቀራት፣ ዲሬክተሩ ጠርተው «ጤነኛ የተባለችን ልጅ ለብቻዋ ይዘሽ ምን ትጠይቂያታለሽ ቢሉሽ መልስ አለሽ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አላስቀረኋትም።

ከዚያ አንድ ጠዋት እናቷ በፌስታል ፓፓያ ይዛ ግቢው በር ላይ ጠበቀችኝ። ልጅቷ ከኋላዋ ነጠላዋን ይዛለች። እናትየው እጄን ልትስም ጎንበስ አለች።

«ዲሬክተሩ ነገሩኝ፤ ድናለች አሉኝ። አፏንም ፈታች አሉ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ።»

ፓፓያውን ተቀበልኩ። ሌላ ምን ይደረጋል። እሷ ግን አልሄደችም፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ከዳነች ታዲያ እትዬ፣ ሰው በራችንን ባንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር ገብታ ‹አልደነግጥም፣ አልደነግጥም› የምትለው ለምንድን ነው?»

ዲሬክተሩ ከደረጃው ላይ ሆነው ያዩናል።

«ቀስ እያለ ይተዋታል» አልኳት። ልጅቷ ከነጠላው ሥር ቀና ብላ አየችኝ።