ተገልብጦ የወጣው ራጅ

ሐረር በራጅ ባለሙያነት ተመድቤ ከመጣሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ከድሬ ጠያራ የመጡ አባባ ዩሱፍ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ሳል አልለቅ ብሏቸው ደረታቸውን አነሳኋቸውና ምስሉን ለሐኪሟ ወሰድኩላት።

«ገልብጠህ ነው ያወጣኸው» አለችኝ። «ልባቸው በቀኝ በኩል ነው። መስታወት ውስጥ ያሉትን ሰውዬ ነው እንዴ ያነሳኸው?»

ባለፈው ሳምንት የአንዲት ሴትዮን ግራ እጅ «ቀኝ» ብዬ ጽፌ ሐኪሟ ተቆጥታኝ ነበር፤ ከደገምኩ ለኃላፊው እንደምትናገር አስጠንቅቃኛለች። ስለዚህ ተመልሼ አዛውንቱን እንደገና ልብሳቸውን አስወለቅኳቸው። ቀኙ የቱ እንደሆነ ምስሉ ላይ እንዲታየኝም የቤቴን ቁልፍ በቀኝ ትከሻቸው ላይ በፕላስተር ለጠፍኩ። እሳቸው ቁልፉን አዩት፣ እኔንም አዩኝ።

ሁለተኛው ምስል ሲወጣ ቁልፉና ልባቸው በአንድ በኩል ሆኑ። ግራ ገባኝ።

«አባባ፣ ልብዎ በየት በኩል ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

እጄን ይዘው ቀኝ ደረታቸው ላይ አኖሩት። እውነትም እዚያ ይመታል።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን ልንገርህ? የሰው ሁሉ ልብ እዚህ አይደል?» አሉ። «ያንተስ የት ነው?»

እኔም እጃቸውን ወስጄ ግራ ደረቴ ላይ አደረግኩት። ምቱን ሲያገኙት ፊታቸው ተለወጠ። ወንበሩን ወደ እኔ ገፋ አድርገው በቀስታ አስቀመጡኝ።

«አላህ ያሽርህ ልጄ» አሉኝ። «ሐኪሟ ታውቃለች?»