ቧንቧ ያለው ሆቴላችንና የተቀየሙት እንግዳ

ዛሬ ቢቸና ካለው ሆቴላችን አንድ ሽማግሌ እንግዳ አኩርፈው ሊሄዱ ነበር።

አባባ ሰሞኑን ቧንቧ አስገብተው ቀኑን ሙሉ ሲከፍቱና ሲዘጉ ይውላሉ። እኔ እንዲህ ባደርግ ጆሮዬን በተቆነጠጥሁ!

ሽማግሌው ከሞጣ በእግራቸው መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጫማቸውን አውልቀው፣ እንደ ወጉ እግራቸውን የሚያጥብ ሰው ጠበቁ።

አባባ ግን ቧንቧውን እያሳዩ፣ «ጃንሆይ ይሙት፣ አሁን ውሃው ራሱ ይመጣል! ይታጠቡ» አሏቸው።

«እንግዳ ከከበደህ ንገረኝ እንጂ ልጄ» አሉ ሽማግሌው እየተነሱ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አድራለሁ።»

አባባ ደነገጡ። ከዚያው ቧንቧ ሳፋ ሙሉ ውሃ ቀድተው ሽማግሌው እግር ሥር ተንበረከኩ፤ እሳቸውም ተመልሰው ተቀመጡ።

ልስቅ ነበር። የሽማግሌውን የተሰነጠቀ ተረከዝ ሳይ ግን ፎጣ ላመጣ ሮጥሁ።

እናንተ ዘንድስ አዲስ ነገር ገብቶ እንግዳ የተቀየመበት ቤት አለ? እስቲ አጫውቱኝ፤ አባባ ብቻቸውን እንዳያፍሩ።