ጀርባ የሌለው አዳራሽ

ለምታውቋቸው ሁሉ፤ አናጺው ጋሽ በቀለ ባለፈው ሳምንት ቢከን ሂል ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። እንጨት መላግ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና ይህን መጻፍ የእኔ ድርሻ ሆነ።

ጎረቤታቸው የሆኑ አንዲት የጃይን እምነት ተከታይ ህንዳዊት፣ ለጸሎት ክፍላቸው ሳማቫሳራና በእንጨት እንዲሠሩላቸው ጠየቋቸው። በእምነታቸው ይህ አማልክት ለታላቁ መምህር የሚያንጹት የስብከት አዳራሽ ነው፤ ሦስት ክብ ግንብ፣ አራት በር፣ መሃሉ ላይ ዛፍ አለው። መምህሩ ከዛፉ ሥር ሲቀመጡ ፊታቸው በአራቱም አቅጣጫ ይታያል፤ ስለዚህ ከኋላቸው የሚቀመጥ የለም።

አንድ የሐበሻ ማኅበራችን ወዳጃቸው እንጨት ወደሚሠሩበት ጋራዥ ድረስ መጥተው፣ «በቀለ፣ በስተርጅና ጣዖት ቤት ጀመርክ?» ብለው ተረቧቸው። ጋሽ በቀለ ከመላጊያቸው ቀና ሳይሉ፣ «እኔ የምሠራው መቀመጫ ነው፤ ደክሞህ ከሆነ ተቀመጥ» አሏቸው።

በአዳራሹ ውስጥ ከሚቀረጹት የስብከቱ አድማጮች መሃል አንበሳና ሚዳቋ ነበሩ። ጋሽ በቀለ ሚዳቋዋን ለመሮጥ እንደተሰናዳች አድርገው ቀረጿት። ህንዳዊቷ አይተው ፈገግ አሉና፣ «እዚያ ፍርሃት የለም፤ ከአንበሳው ጎን ትቀመጥ» አሉ። ጋሼ ሚዳቋዋን ነቅለው ወደ አንበሳው አዙረው እንደ አዲስ ሠሯት።

ሲታክ አየር ማረፊያ ታክሲ ከሚነዱት ታናሽ ወንድማቸው ከጋሽ ታደሰ ጋር በአገር ፖለቲካ ተቀያይመው ዓመታት አልፈው ነበር። ሚዳቋዋን ባዞሩ ማግስት፣ «ታደሰን ኮል አደረግሁት፤ አላነሳም» አሉኝ።

«ሶ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«እደውላለኋ። ሚዳቋዋስ መቼ በአንድ ጊዜ ዞረች?»

እሁድ እሁድ ይደውሉ ነበር። አልተነሳላቸውም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በማኅበራችን አዳራሽም ስብሰባ ሲኖር ወንበሩን በክብ ይደረድሩ ጀመር፤ «ኋላ የተቀመጠ ቂሙን ይዞ ይወጣል» ይሉ ነበር።

ለልቅሷቸውም ወንበሩን በክብ ደረደርኩ። ፎቷቸውን አራት አሳትሜ መሃል ላይ፣ በአራቱም አቅጣጫ አቆምኩት። ጋሽ ታደሰ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ኋላ ወንበር ፈለጉ።

«ኋላ የለም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ተቀመጡ፤ ከወንድማቸው ፊት ጋር ተገጣጠሙ። «ስልኩ ሲጠራ እኮ አየው ነበር» አሉና አለቀሱ።

ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ። በሕይወት ሳሉ ጋሽ ታደሰ ቢመጡልዎ ምንኛ በወደድኩ። ግን ይወቁልኝ፤ ወንድምዎ ሰው ሁሉ እስኪሄድ ድረስ ከፊትዎ አልተነሱም።